ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ውጤት፦ ከእናቴ የትንፋሽ ምርመራ የትኛውን ልመን?

የቀረበው ጥያቄ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው። በእንጨት እንጀራ እየጋገረች ነው ያሳደገችን። ከ15 ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታክማ ድናለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከጥቁር አንበሳ ወደ ቤት በእግሯ ስትመጣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆማ ካላረፈች ዳገቱን አትጨርሰውም። ራጅ ተነስታ ከድሮው ጠባሳ በቀር ምንም የለም ተባለ። በአንድ ክሊኒክ የትንፋሽ ምርመራ ተደርጎላት ሳንባዋ እንደ ልብ አይሰፋም የሚል ወረቀት ተሰጣት፤ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ስትነፋ የአየር ቧንቧዋ ጠቧል ተባለ። በሁለተኛው ቀን ባለሙያዋ እየጮኸች ደጋግማ ስላስነፋቻት ራሷን አዞራት፤ ከዚያ ወዲህ ‹ሁለተኛ አልነፋም› ብላለች። ጎረቤት ደግሞ ቱቦው በሽታ ያስተላልፋል ብላ አስፈራርታታለች። የትኛውን ወረቀት እንመን? ምርመራውስ አደጋ አለው? ሁለቱንም ወረቀቶች አያይዣለሁ።»

የሳንባ ሐኪሙ ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። የላኳቸውን ሁለት ወረቀቶች ደጋግሜ ተመልክቻቸዋለሁ። እናትዎን በአካል ስላላየኋቸው ለሕመማቸው ከዚህ ሆኜ ስም አላወጣለትም፤ ወረቀቶቹ ለምን እንደተለያዩ ግን ከወረቀቶቹ ከራሳቸው ይነበባል። የተለያዩት የእናትዎ ሳንባ በሁለት ወር ውስጥ ስለተለወጠ ሳይሆን ሁለቱን ጊዜ የነፉበት አኳኋን ስለተለያየ ነው። የትንፋሽ ምርመራ ከብዙዎቹ ምርመራዎች የሚለየው በዚህ ነው፦ ደም ሲቀዳ ታካሚው ክንዱን ከመዘርጋት በቀር ሥራ የለበትም፤ ራጅ ሲነሳ ትንፋሹን ለአፍታ ይዞ መቆም ይበቃዋል፤ እዚህ ግን ምርመራውን የሚሠራው ታካሚው ራሱ ስለሆነ፣ እሱ በትክክል ካልነፋ መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚያወጣው ቁጥር የሳንባውን እውነት አይናገርም።

ስፓይሮሜትሪ የምንለው ይህ ምርመራ አዲስ ነገር አይደለም። ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን አስነፍቶ የለካበትን ሥራ ካሳተመ ወዲህ መሣሪያው አንሶ በእጅ የሚያዝ ሆኗል እንጂ መሠረተ ሐሳቡ ያው ነው፤ ሰውየው ደረቱ እስኪሞላ አየር ይስባል፣ ከዚያም ባለ በሌለ ኃይሉ እስኪያልቅ ድረስ ያስወጣል፣ መሣሪያውም ምን ያህል አየር በምን ያህል ጊዜ እንደወጣ ይመዘግባል። ራጅ የሳንባን መልክ ያሳያል፤ አየር በቧንቧው ውስጥ እንደ ልብ ይመላለስ እንደሆነ ግን አያሳይም። «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ዳገት የሚያቅተው ሰው እየበዛ ወደ እኛ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ከወረቀቱ ላይ ከተደረደሩት ብዙ ቁጥሮች ለጊዜው ሦስቱን ይያዙ። ኤፍ-ቪ-ሲ የተባለው በኃይል ተነፍቶ የወጣው ጠቅላላ አየር በሊትር ሲለካ ነው። ኤፍ-ኢ-ቪ-1 ከዚሁ አየር ውስጥ በመጀመሪያዋ አንድ ሰከንድ ብቻ የወጣው ነው። ሦስተኛው ቁጥር ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ድርሻ ነው። በእናትዎ ዕድሜ ያለ ጤናማ ሰው ከአየሩ ሦስት አራተኛውን ያህል በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያወጣል፤ የአየር ቧንቧን የሚያሰፋ መድኃኒት ተስቦ ከተነፋ በኋላም ድርሻው ከ0.70 በታች ሆኖ ከቀረ የአየር ቧንቧ ጥበት መኖሩን እንጠረጥራለን። በወጣቶችና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ይህ አንድ ወጥ መስመር ሊያሳስት ስለሚችል፣ ለዕድሜው ከሚጠበቀው ዝቅተኛ ልክ ጋር ማስተያየት የተሻለ ነው።

አሁን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በመጀመሪያው ላይ እናትዎ ያወጡት ጠቅላላ አየር 1.50 ሊትር፣ በአንድ ሰከንድ የወጣው 1.24 ሊትር፣ ድርሻው 0.83 ነው። በሁለተኛው ላይ ጠቅላላው 2.10፣ የአንድ ሰከንዱ 1.32፣ ድርሻው 0.63 ሆኗል። የአንድ ሰከንዱ ቁጥር ብዙም አልተለወጠም፤ ጠቅላላው ግን በ600 ሚሊ ሊትር ጨምሯል። ይህ አየር ከየት መጣ? ከመጀመሪያው ወረቀት ግርጌ ያለውን፣ የወጣው አየር በየሰከንዱ ሲጨምር የሚያሳየውን መስመር ይመልከቱ፤ መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ በሁለተኛዋ ሰከንድ ላይ ድንገት ተቆርጧል። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ግን ቀስ እያለ እስከ አሥረኛዋ ሰከንድ ገደማ ከወጣ በኋላ እንደ ሜዳ ተስተካክሎ አልቋል።

ይህን ለታካሚዎቼ የማስረዳው በጀሪካን ነው። ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖች ውኃ ሞልተው ቢደፉ፣ አፉ ሰፊ የሆነው በአፍታ ይጨርሳል፤ አፉ ጠባብ የሆነው ደግሞ እየተንጠባጠበም ቢሆን በመጨረሻ ያንኑ ሃያ ሊትር ይሰጣል። ጠባቡን ጀሪካን ገና ሲጀምር ቀጥ አድርጎ ያነሳው ሰው የወጣውን ውኃ ብቻ ለክቶ «ይህ ጀሪካን ትንሽ ነው» ማለቱ አይቀርም። በመጀመሪያው ቀን የሆነው ይኸው ይመስለኛል። እናትዎ አየሩ ሳያልቅ አቆሙ፤ መሣሪያውም ያልወጣውን አየር እንደሌለ ቆጠረው፤ ጠቅላላው ስላነሰ ድርሻው ከፍ ብሎ ጤናማ መሰለ፤ ወረቀቱም የቧንቧውን ጥበት ሰውሮ ሳንባው እንደማይሰፋ አድርጎ ጻፈ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የተመዘገበው አንድ ትንፋሽ ብቻ መሆኑ ደግሞ ሌላው ጉድለት ነው። የምርመራው ደንብ ቢያንስ ሦስት ትክክለኛ ትንፋሾች እንዲገኙና ከእነርሱ የሁለቱ ከፍተኛ ውጤቶች ልዩነት ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ወረቀት ላይ አምስት ትንፋሾች ተመዝግበው የሁለቱ ከፍተኛ ልዩነት 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ የምታመነው ሁለተኛዋ ወረቀት ናት። ያቺ የጮኸችው ባለሙያ ሥራዋን በሚገባ ሠርታለች።

ጩኸቱን እናትዎ እንደ ቁጣ ባይወስዱት ደስ ይለኛል። «ንፉ! ንፉ! ይቀጥሉ! አሁንም አለ! ይቀጥሉ!» እየተባለ በከፍተኛ ድምፅ ማበረታታት የምርመራው አካል ነው፤ ዝም ብለን ብንተዋቸው አብዛኞቹ ሰዎች ልክ እናትዎ በመጀመሪያው ቀን እንዳደረጉት አየሩ «ያለቀ» ሲመስላቸው ያቆማሉ። ሆኖም ለትልቅ ሰው አስቀድሞ «እማማ፣ ስንጀምር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ እንዲያግዝዎ ነው» ብሎ መናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን አለማድረግ የእኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው፤ ብዙ እናቶችም በዚሁ ተቀይመው ሳይመለሱ ቀርተዋል።

በምርመራ ክፍላችን ከማየው ውስጥ አንድ ነገር ላንሳ፤ በእናትዎም ላይ ሳይደርስ አልቀረም። ዕድሜያቸውን በምድጃ ዳር ያሳለፉ እናቶች «ይንፉ» ሲባሉ የሚያውቁትን «እፍ» ነው የሚያመጡት። ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው፣ ጉንጫቸውን ነፋ አድርገው፣ አመዱ እንዳይበን እንደሚጠነቀቅ ሰው ለስለስ ያለ ረዥም እፍታ ይሰጡናል። ለፍም የሚበጀው እፍታ ለስፓይሮሜትር አይሆንም። ቱቦው በጥርስ መካከል ገብቶ ከንፈር ዙሪያውን ገጥሞ መዝጋት አለበት፤ ምላስ የቱቦውን አፍ መጋረድ የለበትም፤ የመጀመሪያው ግፊት ደግሞ እንደ ሳል ድንገተኛ መሆን አለበት። በዚህ ላይ ይሉኝታው አለ፤ ባዕድ ሰው ፊት አፍን ከፍቶ በኃይል መንፋት ነውር ስለሚመስላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሊሸፍኑ ይዳዳቸዋል። አንድ ጊዜ አራት ጊዜ ነፍተው አራቱም የተበላሸባቸው እናት፣ ረዳቷ ወገባቸው ላይ እጥፍ ድርብ ሆኖ የታሰረውን መቀነት አላልታ፣ ራሷ ቱቦ ይዛ ፊታቸው ከነፋችላቸው በኋላ አምስተኛውን እንከን የለሽ አድርገው ነፉት። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት መቀነትም ሆነ ጠበቅ ያለ ቀበቶ ይላላ፤ ባለሙያዋም አንድ ጊዜ ነፍታ እንድታሳያቸው ይጠይቁ። የማይወላልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው አፋቸው ውስጥ ቢቆይ ይሻላል፤ ከንፈር በደንብ እንዲገጥም ይረዳል።

ራስ ማዞሩን በተመለከተ፣ በኃይል እየተነፋ ሲቆይ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ለቅጽበት ይቀንሳል፤ ዓይን ብዥ የሚለው፣ አልፎ አልፎም ሰው ራሱን እስከ መሳት የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። እረፍት ሲያደርጉ ብዙ ሳይቆይ ይለቃል። ምርመራው መደገፊያ ባለው፣ ጎማ በሌለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራውም ለዚሁ ጥንቃቄ ነው። በአንድ ቀጠሮ ለአዋቂ ሰው እስከ ስምንት ትንፋሽ ይሞከራል፤ በመካከሉ «ልረፍ» ማለት መብት ነው፤ ደክሞ ከመንፋት አርፎ መንፋት ለውጤቱም ይበጃል። ምርመራውን ማዘግየት የሚገባባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፦ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ የልብ ድካም በሽታ የተባባሰበት፣ የልብ ጡንቻ የደም እጥረት አደጋ የደረሰበት ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው፣ ባለፉት አራት ሳምንታት የደረት፣ የሆድ ወይም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው፣ ደም የሚተፋ ወይም ሳንባው አየር ያፈሰሰ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት። እናትዎ የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ በምርመራው ቀንም ይውሰዱት።

ጎረቤትዎ ያነሱት ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም፤ መልስ ግን አለው። እያንዳንዱ ታካሚ ጀርም የሚያግድ ማጣሪያ ያለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣል የአፍ መያዣ ሊሰጠው ይገባል፤ እሽጉ ፊትዎ ሲከፈት ማየት ይችላሉ፤ ካላዩ ይጠይቁ። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሰው በኃይል ሲነፋና ሲያስል አብረውት በክፍሉ ያሉትን ሊበክል ይችላል። በመሆኑም እናትዎ በዚህ ጊዜ ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየባቸው፣ ማታ ማታ የሚያልባቸው፣ የሚያተኩሳቸው ወይም ክብደት የቀነሱ ከሆነ፣ ከማንኛውም ንፊያ በፊት አክታቸው የነቀርሳ ጀርምን በሚለየው ጂንኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ይመርመር። አንድ ጊዜ ታክሞ መዳን ዳግም ላለመያዝ ዋስትና አይሰጥም።

የድሮው ነቀርሳ ለአሁኑ ጉዳይም ባዕድ አይደለም። ነቀርሳው በመድኃኒት ጠፍቶም ጠባሳው የአየር ቧንቧውን አጥብቦ ወይም የሳንባውን ክፍል ጨምድዶ ሊተው ይችላል፤ በአገራችን ትንፋሽ የሚያጥረው ብዙ ሰው «ነቀርሳው ተመለሰ» እየተባለ ያለ ማስረጃ በነቀርሳ መድኃኒት እንደገና ይታከማል። በዚህ ላይ የዓመታት የእንጨትና የከሰል ጭስ አለ። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እናቶች በጭስ ብቻ ሲኦፒዲ የምንለውን ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት ሊይዛቸው ይችላል። የእናትዎ ታሪክ ሁለቱንም በሮች ክፍት ያደርጋል፤ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው የሚለየው የሚያዩዋቸው ሐኪም ታሪካቸውን፣ ራጁን፣ ካስፈለገም ሲቲ ስካን አገናዝበው ነው።

በወረቀቱ ላይ በመቶኛ የተጻፉት ቁጥሮች የሚገኙት የእናትዎ ውጤት በእሳቸው ዕድሜ፣ ቁመትና ጾታ ካለ ጤናማ ሰው ከሚጠበቀው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ሃቺንሰን በዘመኑ ያስተዋለው ትልቅ ነገር የሳንባ አቅም ከቁመት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ነበር፤ ስለዚህ ቁመት ተጠይቆ የሚጻፍ ሳይሆን ጫማ ወልቆ የሚለካ ነው። ጀርባቸው የጎበጠ አረጋውያን ከሆኑ እጃቸው ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካል። ዕድሜም ዋዛ አይደለም፤ የልደት ቀናቸው በግምት የተጻፈላቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ መታወቂያው ላይ ያለው ከእውነቱ በአሥር ዓመት ከራቀ መቶኛውም አብሮ ይዛባል። የመጀመሪያው ወረቀት ቁመታቸውን 162፣ ሁለተኛው 156 ሴንቲ ሜትር ብሎታል፤ አንዱ ጫማ ሳይወልቅ ወይም በቃል ተጠይቆ መሆን አለበት። መሣሪያው የሚያነጻጽርበት ሕዝብም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ ቀመር ሰዎችን በዘር ከፋፍሎ የሚያሰላ ስለነበር፣ ባለሙያው በመረጠው ዘር ምክንያት ብቻ የአንዲት እናት መቶኛ ከፍ ወይም ዝቅ ይል ነበር፤ በ2022 የወጣው ቀመር ይህን ክፍፍል አስቀርቷል። በሌላ ጊዜ ሲነፉ ያው ቀመር መመረጡን መጠየቅ ይገባል፤ አለበለዚያ ሳንባቸው ሳይለወጥ «ባሰብዎት» ወይም «ተሻለዎት» ሊባሉ ይችላሉ። መሣሪያው በየዕለቱ በሦስት ሊትር መርፌ መሰል መለኪያ መፈተሹንም መጠየቅ ነውር የለበትም።

በሁለተኛው ቀን እናትዎ ሳልቡታሞል የተባለውን ቧንቧ የሚያሰፋ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ስበው ከ15 ደቂቃ ቆይታ በኋላ እንደገና ነፍተዋል፤ የአንድ ሰከንዱ ቁጥር ከ1.32 ወደ 1.40 ሊትር ብቻ ከፍ ብሏል፤ ድርሻውም 0.65 ነው። ይህ ጭማሪ አነስተኛ ስለሆነ ወረቀቱ «ለመድኃኒቱ ምላሽ የለም» ይላል። ይህን ሐረግ አንብበው ፓፉን የጣሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እባክዎ እናትዎ እንዲህ እንዳያደርጉ። ሐረጉ የሚለው በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ቧንቧው ብዙ አልሰፋም ነው እንጂ መድኃኒቱ አይጠቅማቸውም ማለት አይደለም፤ ለሳምንታት በአግባቡ ሲወሰድ ዳገቱን የሚያቀልላቸው ብዙ ናቸው። በአንጻሩ አስም ያለበት ሰው በደህናው ቀን ሲነፋ ወረቀቱ ፍጹም ጤናማ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ማታ ደረቱ እየተፈነ «ምንም የለብህም» መባል አይገባውም፤ ሕመሙ ሲነሳበት መደገም አለበት።

ለምርመራ ሲመጡ ሳልቡታሞል ከመንፋታቸው በፊት ለ4 እስከ 6 ሰዓታት፣ ፎርሞቴሮልን ወይም ሳልሜቴሮልን የያዙት ፓፎች ደግሞ ለ24 ሰዓታት ያህል ሳይወሰዱ ይቆያሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን እየወሰዱ እንዲነፉ ከፈለገ ይህ አይሠራም፤ ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ ይጠይቁ። ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ምርመራው ይቅር እንጂ መድኃኒቱ አይቅር፤ የወሰዱበትን ሰዓት መንገር ይበቃል። ጾም አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው ቢመጡ ይሻላል፤ ሆድ እስኪሞላ መብላት ግን ዲያፍራምን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ይጫናል።

ብዙ ቤት ውስጥ ከኮቪድ ወዲህ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ስላለ አንድ ነገር ልጨምር። መለኪያው 93 ወይም 94 ስላሳየ ብቻ አይደናገጡ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የጤናማ ሰው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ካለው ዝቅ ይላል። 96 ቢያሳይም ደግሞ ቧንቧው አልጠበበም ማለት አይደለም። መለኪያው የሚያየው ደም የያዘውን ኦክስጅን ነው፤ የቧንቧን ስፋት አያውቅም።

እናትዎ አሁን ሦስተኛ ጊዜ መንፋት አያስፈልጋቸውም፤ ሁለተኛው ምርመራ በቂ ነው። ቀጣዩ ንፊያ ምናልባት ሕክምናው ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ ገደማ ይሆናል፤ 1.40 የተባለችው ቁጥር የምትነጻጸረውም ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ መጋገሩን የሚቻል ከሆነ በኤሌክትሪክ ምጣድ ያድርጉላቸው፤ የቡናው ከሰልም ከቤት ውጭ ይቀጣጠል፤ ፍሙ ደብዝዞ ጭሱ ባይታይም ጉዳቱ አይቀርም። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ሁለቱንም ወረቀቶች፣ የድሮውንና የአሁኑን ራጅ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይያዙ። ፓፋቸውንም ሐኪሙ ፊት እንዲስቡ ያድርጉ፤ እየረጩት ምላሳቸው ላይ የሚቀርባቸው ብዙዎች ስለሆኑ፣ አሳሳባቸው ከተበላሸ ፓፉ ላይ የሚገጠመውን፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሠራውን የመድኃኒት መያዣ እንዴት እንደሚጠቀሙበት ያሳዩዋቸዋል።